የተወገዘው እንጀራ

ባለፈው ዓመት ኅዳር 12 ቀን፣ በቆቦ አካባቢ በአክስቴ ቤት የሚካኤል ዝክር ተዘክሮ ዘመድ አዝማዱ በመሶቡ ዙሪያ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የሥጋ ዘመዳችን የማሽላውን እንጀራ በጣቱ ጫፍ ወደ ጎን እየገፋ ወጡን ብቻ በማንኪያ ይጠርግ ጀመር። አክስቴ ነገሩን አይታ «ስለት አለብህ እንዴ ልጄ?» ብትለው፣ ካርቦሃይድሬት የሚባለውን ነገር ካቆመ ሁለተኛ ወሩ መሆኑን፣ በየማለዳውም ጂም እየገባ ላቡን እንደሚያወርድና ቦርጩም እየጎደለ መሄዱን እንደ ሰባኪ ቃሉን ከፍ አድርጎ አስረዳት። እርስዋም ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ «እግዜር ይማርህ» ብላ አለፈችው።

ሰውየው መክሳቱን አልክድም፤ የምክደው እንጀራው ጥፋተኛ ተብሎ የተወገዘበትን ፍርድ ነው። ትምህርቱም ቢሆን ዘመነኞቻችን እንደሚመስላቸው ትናንት የተገኘ አይደለም፤ ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የሎንዶን ቀብር አስፈጻሚ፣ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ጀልባ ቢቀዝፍ የመብል ፍላጎቱ ከመጨመሩ በቀር ውፍረቱ አልበገር ስላለው፣ ዳቦና ስኳርን፣ ቢራና ድንችን ትቶ እንደ ከሳ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተማት ትንሽ ጽሑፍ ለሕዝብ ገልጧል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1972 ሮበርት አትኪንስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያንኑ ነገር አድሶ በመጽሐፍ ሰብኮታል። ጀማሪውን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት በሚዛን ላይ የሚያስፈነድቀው ጉድለት ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሥጋችን ለስንቅ በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የተባለው ንጥረ ነገር በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ስንቁ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል፣ ሰውየው ግን ስብ የቀለጠ ይመስለዋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ስብ፣ ገሚሱ ካርቦሃይድሬት እየቀነሰ ዓመት ሙሉ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት በአማካይ የ5.3 እና የ6.0 ኪሎ መቀነስ ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ሊነገርለት የሚገባ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች ግን ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን እንዲያሳንሱ ተመክረው ነበር፤ ካርቦሃይድሬትን ተዉ የሚሉት የእኛዎቹ የኬቶ መምህራን እዚህች ቃል ላይ ሲደርሱ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው።

ይህን ሁሉ ትቼ ወደ ቆቦ፣ ወደ ራያ ሜዳ ልመለስ። የቆቦ ገበሬ ማሽላን በእንጀራ ቢሉ በቂጣ፣ በገንፎ ቢሉ በንፍሮ እየበላ፣ በጠላም እየደገመው የኖረ ሰው ሲሆን፣ ከተራራው የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ማሳው ሊጠልፍ የሚሮጥ፣ የቆመውን አዝመራ በሽልሻሎ በበሬ መካከል ለመካከል የሚያርስ፣ አቀንጭራ የተባለውን አረም ጎንበስ ብሎ የሚነቅል፣ እሸቱ ሲደርስም ከማማ ላይ ወንጭፉን እያጮኸ ግሪሳ ወፍ የሚከላከል በመሆኑ፣ ቦርጭ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በከተማ ዘመዱ ላይ ነው። ከዞብል ተራሮች ባሻገር ያለው የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ ኑሮው በአብዛኛው በወተት ላይ ስለሆነ መብሉ ከገበሬው ይለያል፤ እርሱም እንደ ገበሬው ቀጭንና ጅማታም ነው። ሁለቱ በአመጋገብ ተለያይተው በመልክ የሚመሳሰሉት በእግራቸው ስለሚሄዱ መሆኑን ለማየት መነጽር አያሻም።

ከተሜው ዘመዴ ግን ካልጋ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ቴሌቪዥን እየተላለፈ ሲውል፣ ለዚያ ለሚራመድ ሥጋ ተመጥኖ የነበረውን ማዕድ እንዳለ ይዞ መቅረቱን አይናገርም። ከቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ ዕቃ ለማምጣት ልጅ ይልካል፤ ለመራመድ ግን ገንዘብ ከፍሎ በጂም ማሽን ላይ ባለበት ይራመዳል። ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምር የነበረ፣ ለስላሳና የፉርኖ ዱቄት ዳቦ ይወድ የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ማሽላንና ጤፍን ከእነዚህ ጋር በአንድ ስም ጠርቶ በአንድነት ማውገዙ፣ ሌባውንና ጎረቤቱን በአንድ ሰንሰለት እንደ ማሰር ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በሐኪሙ ምክር መጠኑን ቢያሳንስ ነገሩ ሌላ ነው፣ እርሱን አልነካም።

ከዝክሩ ሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ነበር። ሥጋን፣ ቅቤን፣ ወተትንና እንቁላልን እያራቀ እህልን የሚፈቅደው የአባቶች ሥርዓተ ጾም፣ እህልን እያራቀ እነዚያን ከሚፈቅደው ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ፊት ለፊት ስለሚጋጭ፣ ዘመዴ ሁለቱን ባንድነት ሊጠብቅ ቢነሣ ከጎመንና ከዘይት በቀር ብዙ ነገር አይተርፈውም። ጾሙን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ብጠይቀው፣ «ለጊዜው» አለና ዝም አለ። ጾሙ የመጠን ትምህርት ነበረ፤ በየዓመቱ የሚመላለሰውና ሁዳዴውን ብቻ ብንቆጥር 55 ቀን የሚሆነው ይህ ተአቅቦ፣ ለማንም በፎቶግራፍ ሳይታይ በጉባኤ የሚፈጸም ነው።

ይልቁንም እህልን በዚህ ምድር ላይ ሆኖ ማዋረድ እጅግ የሚከብድ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. የቆረም የረሃብተኞች መጠለያ ምስል ለዓለም ሲታይ፣ ሰው የሞተው ይህ እህል ታጥቶ ነው። ይህንኑ ማሽላ ከአቀንጭራ ለማዳን የደከሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ጅጉርቲና ደገሌት የተባሉትን የማሽላ ዓይነቶች እየዘራ ለሚኖረው ለዚህ ዓይነቱ ገበሬ በሚጠቅም ሥራ ነው።

ከዝክሩ በማግስቱ ዘመዴ ማሳውን ልይ ብሎ አብሮኝ በእግሩ ወጣ። ለሁለት ሰዓት ያህል በድንበሩና በቦዩ ስንዞር ላቡ በጀርባው ወረደ፤ የአክስቴ ልጅም ከማሽላው መካከል አንድ ጥንቅሽ መርጦ ሰጠው። ልጣጩን በጥርሱ እየላጠ፣ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠውን ውኃ እየመጠጠ፣ ምራጩን በመንገዱ ላይ እየተፋ፣ ሁለተኛውን ራሱ ቆረጠ።