ስለ ጉበት ትልና ስለ አገራችን ቀለም



በግ ወይም በሬ ታርዶ በጉበቱ ውስጥ ቅጠል የመሰለ ትል በተገኘ ጊዜ አራጁ ጉበቱን ይጥላል፤ ባለ ከብቱም «ትል ነው» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። እኔ ግን በዚህ «ትል ነው» በሚለው ቃል ብዙ ሀብት ይጠፋል እላለሁ። ትል ሁሉ አንድ አይደለምና። አይቨርመክቲን የሚባለው መድኃኒት የሆድን ክብ ትል ሲገድል የጉበትን ትል አይገድልም። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ «በጌ ዳነልኝ» ሲል፣ በጉ ከመንጋጋው ሥር አብጦ ይሞትበታል።

የጉበት ትልም ራሱ በአገራችን ሁለት ዓይነት ነው። ፋሲዮላ ሄፓቲካ የተባለው ከ1800 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፣ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ የተባለው ከ1200 ሜትር በታች ባለው ቆላ ይበዛል፤ በመካከሉ ሁለቱ ይገናኛሉ። የፊተኛውን ትል የምታሳድገው ቀንድ አውጣ በምንጭና በረግረግ ዳር ባለው ጭቃ ትኖራለች፤ የኋለኛውን የምታሳድገው ግን በኩሬና በመስኖ ቦይ ውስጥ ትኖራለች። ስለዚህ ትሉን ለይቶ ያወቀ ሰው ከብቱን ከየትኛው ውሃ እንደሚያርቅ ያውቃል።

ትሉንም በሚገባ ለመለየት ማይክሮስኮፕ በሚባለው አጉሊ መነጽር የውስጥ ብልቱን ማየት ያስፈልጋል። ብልቱም ተለይቶ የሚታየው ቀለም ሲጠጣ ነው። ለዚህ ሥራ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቁት ካርሚንና ሄማቶክሲሊን ናቸው። ካርሚን በበለስ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ትንሽ ተባይ ይገኛል፤ ሄማቶክሲሊንም በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ እንጨት ይወጣል። ሁለቱም ከሻብ ጋር ሲዋሐዱ ቀለማቸው ይይዛል። እንግዲህ የሊቃውንቱ ቀለም ራሱ ከዛፍና ከተባይ የተገኘ ከሆነ፣ የአገራችንን ሥርና አበባ ሳይሞክሩ መናቅ አይገባም።

እናቶቻችን የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን ያቀሉበታል። እርድና ከርከዴም በገበያችን አሉ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የእርድን፣ የሂናንና የከርከዴን ቀለም በአጉሊ መነጽር ለሚታይ ሥጋ ሞክረዋል። ከውጭ የሚመጣው ቀለም ባለቀ ጊዜ ሥራው ከሚቆም፣ የእኛም ቢሞከር መልካም ይመስለኛል።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በችኮላ እንዳናምነው ነው፤ የእርድ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል፤ የከርከዴም ቅላት ኮምጣጣው ሲጠፋ ይለወጣል። ስለዚህ ከአንድ ጉበት የወጣው ትል በሁለት ተከፍሎ፣ እኩሌታው በካርሚን እኩሌታው በአገር ቀለም ተነክሮ፣ ያን ጊዜና ከብዙ ወር በኋላ ይመርመር። ሁለተኛው፣ ለቀለም ብለን እንግዳ ፍጥረት እንዳናስገባ ነው። ካርሚን ይገኝባታል ተብላ ከ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ወደ ትግራይ የገባችው ኮቺኒል ከተወሰነላት ስፍራ ወጥታ የገበሬውን በለስ አጥፍታለች። በለስ ደግሞ በክረምት ለድኻው ምግብ፣ በበጋም ለከብቱ መኖ ነበረ።

ከእናንተ የሚፈለገው ነገር ቀላል ነው። በየቄራው የተገኘው ትል ሳይቆረጥ በጨው ውሃ ታጥቦ፣ በሰባ እጅ አልኮል ውስጥ ገብቶ ወደ እንስሳት ምርመራ ቤት ይላክ። የወረዳው ስም፣ የቦታው ከፍታ፣ የከብቱ ዓይነትና ቀኑም በወረቀት ተጽፎ በጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ ቀለም በአልኮል ይፈታልና ጽሕፈቱ በእርሳስ ይሁን። ስሙና ስፍራው ያልታወቀ ትል የቱንም ያህል አምሮ ቢቀለም ለገበሬው አይጠቅምም፤ ከየት እንደ መጣ የታወቀ ትል ግን የሚቀጥለውን በግ ያድናል።