ተመልካች አግኝቶ ዋጋ ያላገኘው የኮሌጅ ሴቶች ሶፍትቦል

የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማህበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ) በየዓመቱ የሚያካሂደው የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና በ64 ቡድኖች ተጀምሮ፣ ስምንቱ ቡድኖች በኦክላሆማ ሲቲ በሚያደርጉት የመጨረሻ ውድድር ይጠናቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቴክሳስ ከቴክሳስ ቴክ ጋር ያደረጋቸውን ሦስት የፍጻሜ ጨዋታዎች በአማካይ 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተከታትሏል። አሃዙ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል።

የቤዝቦል ዘመድ የሆነው ይህ ስፖርት ለቴሌቪዥን የሚመች ነው። ሜዳው ጠባብ፣ ጨዋታው ከዘጠኝ ይልቅ በሰባት ዙር የሚያልቅ በመሆኑ የጣቢያዎችን ሰዓት አያጣብብም።

የተመልካቹ ብዛት ግን ለተጫዋቾቹ ፈጥኖ የተረፈ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሴቶቹ ውድድር በአማካይ 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ተመልካች ሲያገኝ፣ የወንዶቹ ቤዝቦል ያገኘው 755 ሺህ ገደማ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት የሴቶቹ መርሃ ግብር እጅግ የተጣበበ ስለነበር፣ የአየር ጠባይ ባስተጓጎለው ዕለት አንድ ጨዋታ የተጠናቀቀው በአካባቢው አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ነው። ከአሰልጣኞች የተሰማው ወቀሳ እየበረታ በመሄዱ፣ ከ2022 ጀምሮ ውድድሩ እንዲራዘምና የእረፍት ቀን እንዲኖረው ተደርጓል።

የችግሩ ሥር ያለው በስርጭት መብት አሻሻጥ ላይ ነው። ማህበሩ ራሱ የቀጠረው የሕግ ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን 29 ሻምፒዮናዎችን በአንድ ጥቅል የገዛው በዓመት በ34 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ብቻውን በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ሪፖርቱ ገምቷል። በጥቅል የተሸጠ ውድድር የራሱን ዋጋ ማሳየት እንደማይችል ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ማህበሩ በጥር 2024 ከጣቢያው ጋር የተፈራረመው አዲስ ውል ለስምንት ዓመታት 920 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም በዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ሲሆን 40 ሻምፒዮናዎችን ያካትታል። ከዚህ ውስጥ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ 65 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተተምኖለታል። ዕድገቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሶፍትቦል ግን ዛሬም በጥቅሉ ውስጥ ነው። የ2025ቱ ክብረ ወሰን የተመዘገበው ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሲሆን፣ ውሉ የሚያበቃው በ2032 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የሶፍትቦል ውድድር በዚያው በኦክላሆማ ሲቲ ስታዲየም ይካሄዳል።