ክፍላችሁንም እንደ ሐይቃችን መርምሩት

ይድረስ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ለምታስተምሩ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን፣ እንዲሁም የደረጃ ዕድገት ለምትወስኑ ኮሚቴዎች



ይህን የምጽፍላችሁ ከአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ፣ ከተሁለደሬ ወረዳ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። እኛ ልጆቻችንን አስተምረን ወደ እናንተ እንልካለን፤ እናንተ ያሠለጠናችኋቸው ደግሞ ተመልሰው ባልደረቦቻችን ይሆናሉ። ዛሬ እናንተ ክፍል ውስጥ የሆነው ሁሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛ ክፍል ይደርሳል። ልለምናችሁ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

አርዲቦንም፣ ጎረቤቱን የሎጎ ሐይቅንም ታውቋቸዋላችሁ። ተመራማሪዎች መጥተው ውሃውን ቀድተዋል፣ ጥልቀቱን ለክተዋል፣ ዓሣውን መዝነዋል፣ ገበሬውንም ጠይቀዋል። እሰየው ነው። ያንኑ ትጋት ግን በየቀኑ ለምትገቡበት ክፍል የሚገባውን ያህል አልሰጣችሁትም። አንድ መምህር የራሱን ኮርስ ይዞ ‹‹ካስተማርኩት ምኑ ገባቸው? የቱ ጋ ጠፋቸው? ለምን?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ ማስረጃ ሲሰበስብ፣ አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን ሲያይና ያገኘውን ለባልደረቦቹ ሲያካፍል ምርምር ሠርቷል። የምለምናችሁ ይህን ነው።

ምሳሌ ላንሣ። የአርዲቦ ውሃ ወደ ሎጎ ይፈስሳል፤ ሎጎ ደግሞ በምድር ገጽ የሚታይ መውጫ የለውም። ተማሪው መውጫ አልባ ሐይቅ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ፈተና ላይ ያሰፍራል። ‹‹አርዲቦ ዳር የመስኖ ፓምፕ ቢበዛ ሎጎ ምን ይሆናል?›› ሲባል ዝም ቢልስ? ሐሳቡ አልገባውም ወይስ ገብቶት እንግሊዝኛው አቃተው? መምህሩ ግማሹ ክፍል በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ አድርጎ መልሶቹን ቢያስተያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ችግሩ ቋንቋው ከሆነ መላው አንድ ነው፤ ሐሳቡ ከሆነ ሌላ ነው። ያልጠየቀ መምህር ግን ‹‹የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው›› ብሎ ያልፋል።

ተማሪው ምን እንደገባው እየጠየቁ ማስተማር ለወሎ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ ደጃችን ነው። የቅኔ መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ በጆሮው ሰምቶ ያርማል፤ የነገውንም ትምህርት ዛሬ ከሰማው ይነሣል። በእስልምናው ትምህርት ቤትም፣ በየሐሪማው፣ ሸኹ ደረሳው (ተማሪያቸው) የቀራውን ሳያዳምጡ ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም። እነዚህ መምህራን ተማሪያቸው የት እንደደረሰ በግምት አይናገሩም። እናንተ ክፍል ያለው ተማሪ ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ማዳመጥ ያስቸግራችኋል፤ ስለዚህም ነው በዘዴ መመርመር የሚያስፈልጋችሁ።

መንገዱም ተጠርጎላችኋል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ ከመምህራን ትምህርት ማሻሻያው ጋር፣ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተጀመረ። ሠልጣኙ በገዛ ማስተማሩ ላይ ተግባራዊ ምርምር እንዲሠራ ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ አልፋችሁበታል። ሰርተፍኬቱ ከተያዘ በኋላ ጥያቄው ለምን ይቆማል?

የምንገኝበትን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ደረጃን፣ ሁለተኛ ደረጃው አንደኛ ደረጃን ሲወቅስ ከረመ። የሁሉንም መምህራን ያሠለጠኑት ግን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ወቀሳው ዞሮ ዞሮ እናንተው ደጅ ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናም ተጨመረ። ፈተና ማን እንደወደቀ ይነግረናል። ለምን እንደወደቀ ሊነግረን የሚችለው ክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ነው።

ደመወዙ ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን፣ የማስተማር ጫናውም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል። የጠፋውን መሣሪያ መተካት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ይህኛው የክፍል ምርምር ግን ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ተማሪውን፣ የተማሪውን ወረቀትና የመምህሩን ቅንነት ነው፤ እነዚህም እጃችሁ ላይ አሉ።

ለደረጃ ዕድገት ኮሚቴዎችም የምለው አለኝ። መምህር ለሚቆጠርለት ነገር ይሮጣል፤ አይፈረድበትም። የአሜሪካው ካርኔጊ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ኧርነስት ቦየር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራቸው ማስተማርም ከአዲስ ግኝት ጎን የሚቆም የምሁር ሥራ ተደርጎ እንዲመዘን ተከራክረዋል። በጥንቃቄ የተሠራ፣ ባልደረቦች የገመገሙትና ሌላው ሊጠቀምበት የሚችል የክፍል ምርምር ሲቀርብላችሁ ‹‹ይህ ምርምር አይደለም›› ብላችሁ አትመልሱት። አመራሮችም ውጤቱን መምህሩን መምቻ አታድርጉት። ድክመቱን የገለጠ መምህር ከተቀጣ፣ ከዚያ በኋላ ድክመቱን የሚገልጥ አይገኝም።

ተማሪዎቹንም አደራ። በፈቃዳቸው ይሳተፉ፤ እምቢ ያለው ተማሪ ውጤቱ ላይ ምንም አይድረስበት። ስማቸው አይጠቀስ፤ ስለ እነርሱ የተገኘውን ከማንም በፊት እነርሱ ይስሙት።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በመጪው ሴሚስተር እያንዳንዳችሁ አንድ ኮርስ ምረጡ፣ አንድ ጥያቄ ያዙ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በየትምህርት ክፍላችሁ ተሰብስባችሁ ያገኛችሁትን ተነጋገሩበት፤ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም። ከዚያም እኛን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ጥሩን፤ ከእናንተ እንማራለን፤ እኛም ከየክፍላችን ያየነውን ይዘን እንመጣለን። ልጆቻችንን የላክንላችሁ አምነን ነው። ያስተማራችኋቸው በእርግጥ መማራቸውን አረጋግጡልን።

ከአክብሮት ጋር
ከአርዲቦ አካባቢ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር