ሁሉም ምርጥ ዘር ለከርሞ አይቀመጥም

ለዘር ሁሉ «ምርጥ ዘር» የሚል አንድ ስም መስጠት ገበሬውን ይጎዳል ብለን እናምናለን። ቁንጮ ጤፍና ቢ.ኤች. 660 በቆሎ ሁለቱም ምርጥ ዘር ይባላሉ፤ ከአዝመራው ዘር ተይዞ ለከርሞ ሲዘራ ግን ውጤታቸው ለየቅል ነው።

ምክንያቱን ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። ረጅምና አጭር አተር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ረጅም ሆነ። የዚያው ዘር ሲዘራ ግን ከ1,064 ተክሎች 787ቱ ረጅም፣ 277ቱ አጭር ሆኑ። የአጭርነት ጠባይ ተሰውሮ ነበር እንጂ አልጠፋም።

በድቅል በቆሎም ይኸው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢ.ኤች. 660 ከሦስት ወላጆች የተገኘ ነው። ብርታቱ ከመዳቀሉ የመጣ ስለሆነ፣ ልጁ ሲዘራ ማሳው ይዘበራረቃል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ትልልቁን ራስ መርጦ ማስቀመጥም አያድነውም።

ቁንጮም የማግናና የዱከም ጤፍ ድቅል ነው። ነገር ግን የተለቀቀው ለብዙ ትውልድ ተመርጦ ጠባዩ ከረጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ዘሩ ሳይደባለቅ ከተያዘ ልጁ እናቱን ይመስላል። ገበሬው ለጥቂት ዓመታት ከጎተራው ሊዘራ ይችላል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው «ምርጥ ዘር ነው» ብሎ ብቻ አይለፍ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩም ዘር ሲያከፋፍል ለከርሞ የሚቀመጠውንና በየዓመቱ የሚገዛውን ለይቶ ይንገር፤ በመዝገቡም ያስፍር። ይህ ሳይነገረው ቀርቶ በሁለተኛው ዓመት ማሳው የከዳው ገበሬ፣ ከዘሩ ጋር ምክራችንንም ይጥላል።