የልጄ ሰባት ቀናት

በእኛ ቤት ሴት ልጅ ፊቷን ስታጠቁር መድኃኒቱ ቡና ውስጥ ነው። እናቴ ከደጃችን ጤና አዳም ቀንጥሳ ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ስኒው ውስጥ ጣል ታደርግላታለች። «ሆዷን ነፍቷት ነው፣ ይለቃታል።» ልጄም ትጠጣለች፤ ማታ ደግሞ በሩን በላያችን ላይ ትወረውረዋለች። በማግስቱ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስትባል «አላውቅም» ነው መልሷ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ጥጋብ ነበር የመሰለኝ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ በሰው ሁለት ጠርሙስ እንክብል ላከችልኝ። አንደኛው ቫይቴክስ ከሚባል ተክል ፍሬ የተሠራ ነው። አንብቤበታለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የጀርመን ጥናት 170 ሴቶች ለሦስት ወር ዑደት ተከታትለዋል። የፍሬውን እንክብል ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብስጭታቸውና ሌላው ሕመማቸው በደንብ ቀንሶላቸዋል። መድኃኒት የሌለበትን ከወሰዱት ግን እንዲህ የተሻላቸው ከአራት አንድ ያህሉ ናቸው። ቀላል ውጤት አይደለም።

ሁለተኛው ሴንት ጆንስ ዎርት ነበር። የሰፈራችን ፋርማሲስት ገና ስታየው «ይኼን እንዳትሰጫት» አለችኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ያዳክማል፤ ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አደገኛ ነው። ጤና አዳምም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ይህንን እናቴም ታውቃለች። ከዚያ ፋርማሲስቷ «ምንም ከመስጠትሽ በፊት ቀን ጻፊ» አለችኝ።

ጓዳ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ልጄ ያለቀሰችበትን ወይም የተቆጣችበትን ቀን አከብባለሁ፤ የወር አበባዋ ሲመጣ መስቀል አደርጋለሁ። እናቴ «አሁን ይኼ ምን ያደርጋል?» እያለች ሳቀችብኝ። በሁለት ወር ውስጥ ነገሩ ፍንትው አለ። ክቦቹ መስቀሉ ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው ይጀምራሉ፤ ደም በመጣ በሁለተኛው ቀን የሉም። በሰደብኳት ስድብ ሁሉ አፈርኩ።

በሦስተኛው ወር፣ ከክቦቹ በአንዱ ማታ፣ ልጄ ቡናዋን ይዛ ለአያቷ «ባልኖር ይሻል ነበር» አለቻት። ለእኔ አይደለም፣ ለአያቷ። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ ጠራችኝና ቀስ ብላ «ይኼ የጤና አዳም ሥራ አይደለም» አለችኝ። ያን ሌሊት አጠገቧ አደርኩ፤ ሲነጋ ሐኪም ቤት ሄድን። እናንተም እንዲህ ያለ ቃል ከሰማችሁ፣ የወር አበባዋ ሲመጣ ያልፍላታል ብላችሁ አንድ ቀን አትጠብቁ።

ሐኪሟ ልጄን ለብቻዋ አነጋገረቻት፤ ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት አየች። ከመቶ ጥቂት ሴቶች ላይ እንዲህ የሚበረታ ሕመም አለ፤ ስምም ሕክምናም አለው፤ አንዳንዶች መድኃኒቱን በእነዚያ ቀናት ብቻ ይወስዳሉ። ቫይቴክሱም ለጊዜው ይቆይ ተባለ።

አሁን ክቡን የምትጽፈው ራሷ ናት። ይህን ስጽፍ ሰባቱ ቀናት ሊጀምሩ ሦስት ቀርቷቸዋል። እናቴ ቡና እየቆላች ነው፤ ጤና አዳሙን አልተወችም፤ «ለሽታው ነው» ትላለች።