የልጅ ቀለብ የማን ነው?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዳባትና በአካባቢዋ ባልና ሚስት ሲለያዩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ንብረት ያካፍላሉ። በሬው፣ በጉ፣ እህሉና የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ለሁለት ይከፈላል። ልጅ ግን ለሁለት አይከፈልም። አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ጋር ይቀራል፤ አባቱም በየወሩ ወይም በየመኸሩ ይህን ያህል ቀለብ ለመስጠት ቃል ይገባል። የመጀመሪያው በጊዜው ይደርሳል፤ ሁለተኛው ይዘገያል፤ ሦስተኛው ይረሳል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ብትጠይቅ፣ «ሌላ ባል አግብታ የለም? እርሱ ያብላው» የሚል መልስ ይመጣላታል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ነገር አንዳንዶቻችሁ ከቤታችሁ ታውቁት ይሆናል፤ ሌሎቻችሁም ከጎረቤት ሰምታችሁት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን በጥሞና እንመርምረው። ለመሆኑ ቀለቡ የማን ነው? የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ ቀለቡ የልጁ እንጂ የእናቲቱ አይደለም።

ይህን ልዩነት ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀለብ ለእናቲቱ የሚሰጥ ችሮታ ሆኖ ከታየ፣ አባት በእርሷ በተቆጣ ቁጥር ይከለክለዋል፤ እርሷም በተከፋች ጊዜ «የእርሱ ገንዘብ ይቅርብኝ» ብላ ትተወዋለች፤ ሽማግሌዎችም ለዕርቅ ሲሉ ከበሬውና ከቤቱ ጋር ያቻችሉታል። የልጁ ሀብት መሆኑ ከታወቀ ግን፣ ሦስቱም በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ሲፈርዱ እንደ ቆዩ ይገለጣል። እናት ቀለቡን በልጇ ስም ትቀበለዋለች እንጂ ለክብሯ ስትል ልትምረው አይገባትም። ዳግመኛ ማግባቷም የወላጅ አባትን ግዴታ አያስቀርም፤ የእንጀራ አባት ደግነት የሌላውን ዕዳ መሰረዣ አይደለምና። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ልጅ የአባቱን ዕዳ እንደሚወርስ መናገራችን ነው። እዚህ ላይ ግን አባቲዬው ባለዕዳ፣ ልጁ ደግሞ ባለገንዘብ ነው።

የሀገራችን ሕግም ይህንኑ አሳብ ይደግፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግዴታውን አጽንቶታል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችውና በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም፣ መንግሥታት የልጅን ቀለብ ከወላጅ ለማስከፈል ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል።

«አባትየው ድሃ ከሆነስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቀለብ መጠን የሚወሰነው የተቀባዩ ችግርና የሰጪው አቅም ተመዝኖ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። ገብስ አርሶ የሚያድር ገበሬ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ግን የሚቆረጥለት የወር ደመወዝ የለውም። እንዲህ ላለው ሰው ከገቢው ወቅት ጋር የሚስማማ ውል ይሻለዋል፤ በመኸር ይህን ያህል እህል፣ ከአጨዳ ሲመለስ ይህን ያህል ገንዘብ ተብሎ በጽሑፍ ይወሰን። ድህነት መጠኑን ሊያሳንስ ይችላል፤ ድምፅን አጥፍቶ መቅረትን ግን ትክክል አያደርገውም።

ሌላው ደግሞ «ልጄን እንዳላይ ከልክላኛለች» ይላል። ከልክላው ከሆነ እናቲቱ አጥፍታለች፤ አቤቱታው ለዳኛ ይቅረብ። ነገር ግን የእናትን ጥፋት በልጅ ረኃብ መቅጣት ከፍርድ የራቀ ነው። ልጅን ማየት በቀለብ የሚገዛ አይደለም፤ ቀለብም ልጅን ባለማየት የሚቀር አይደለም።

እናትስ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ስምምነቱን በቃል ብቻ አትተወው፤ የተቀበለችውንና የቀረባትን ከነቀኑ ትመዝግብ። ቃሉ ሲፈርስም ዓመት ሳትጠብቅ ለወረዳው ፍርድ ቤት ታመልክት። የ1992ቱ ሕግ እንደሚለው፣ መከፈያው ከደረሰ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደ ነበረ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ኋላ ሊጠየቅ አይችልም። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ ለዚህ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ለልጁ ቀለብ የሚከለክል ወላጅ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 መሠረት በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ይሁን እንጂ የታሰረ አባት ገብስ አያመጣም፤ ስለዚህ እስራት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መንገድ ሊሆን አይገባም።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ግን ገና በመለያያው ቀን የሚገኝ ነው። ሽማግሌዎች በሬውንና በጉን አካፍለው ሲጨርሱ፣ ሰዉም ለመነሣት ሲዘጋጅ፣ የልጁን ነገር በመጨረሻ ያነሡታል። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። አስቀድሞ የልጁ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምናና የትምህርት ወጪ ይታሰብ፤ በጽሑፍም ይስፈር፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ባልና ሚስት ይካፈሉት።

እናንተ ዛሬ ተማሪዎች ናችሁ፤ ነገ ግን አባትና እናት፣ ሽማግሌና ዳኛ ትሆናላችሁ። በእንዲህ ያለ ሸንጎ በተቀመጣችሁ ጊዜ፣ በሬው ከመቆጠሩ በፊት «የልጁ ድርሻ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ በዚያ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ አይናገርምና።