እሑድ ወይስ ሰኞ?

ሁለት ጓደኛሞች ጂቲኤ 6 ሲወጣ አብረው ሊገዙት «በየሳምንቱ መጀመሪያ እናዋጣ» ተባባሉ። አንዱ እሑድ ጠብቆ ጠብቆ ተናደደ፤ ሌላው ሰኞ ብሩን ይዞ ከች አለ። ይኸው ተኮራርፈው «ፍረጂን» ብለው ጻፉልኝ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በግዕዝ እሑድ አንደኛ፣ የሰኞ እናት ሰኑይ ደግሞ ሁለተኛ ማለት ነው፤ ረቡዕና ሐሙስም አራተኛና አምስተኛ ናቸው። አይኤስኦ 8601 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ከሰኞ ይጀምራል።

ጌሙ ራሱ እ.ኤ.አ. ለ2025 ተብሎ ወደ ሜይ 26 ቀን 2026፣ ቀጥሎም ወደ ኖቬምበር 19 ተራዝሟል። ያንን ሁሉ ወር የታገሠ ሰው በአንድ ቀን ጓደኛውን ያኮርፋል እንዴ? በሉ ታረቁ! ከእንግዲህ «የሳምንቱ መጀመሪያ» ብሎ ነገር ይቅር፤ ቀኑን በስሙ ጥሩት።